የቧንቧዋ አይጥ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ገብቶ አልወጣም። ከመንገዱ በታች ያሉ ቤቶች ውሃ ገባባቸው። የተማሪ ደንብ ልብስ የሚያሠራው ሱቅ በሩን ዘጋ፤ ባለቤቱ የቀረውን ጨርቅ ጭኖ ሲሄድ ደኅና ሁኑ እንኳ አላለም። እናትየው የስፌት ሥራ የምትቀበለው ከዚያ ሱቅ ነበር። አባትየው ሩቅ ከተማ የሰው መኪና ይነዳል፤ ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው መኪናው ቆመ፣ የሚልከውም ቆመ። አከራይዋ መጀመሪያ ሰሞን ታዝንላቸው ነበር። ኋላ ሰላምታዋን አሳጠረች። ከዚያ ቤቱን ለሌላ ሰው ማሳየት ጀመረች፤ እነሱ ተቀምጠው እያዩ፣ ግድግዳውን በጣቷ እያንኳኳች፣ ደረቅ ነው እያለች።

በዚያ ክረምት ቤቱን ያቆመችው አንዲት አይጥ ነበረች።

አይጧ የእውነት አይደለችም። ትልቁ ልጅ የሠራው ጌም ውስጥ የምትኖር ግራጫ አይጥ ናት። በቧንቧ ውስጥ ትሮጣለች፤ ውሃ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ከደረሰባት ትሰምጣለች። ስትሰምጥ ተጫዋቹ ምርጫ ይሰጠዋል። ወይ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ወይ አጭር ማስታወቂያ አይቶ ካለችበት ያስነሳታል። ማስታወቂያ በታየ ቁጥር ጌሙን የሚያስተናግደው ድረ ገጽ ለሠሪው ትንሽ የገንዘብ ፍርፋሪ ይወረውርለታል። ሰው ሲበዛ ፍርፋሪው ይጠራቀማል። ኪራዩም፣ ዱቄቱም፣ የመብራቱም ከዚያው ነበር።

ልጁ ጌሙን የሠራው ጓዳ ውስጥ፣ ከዱቄቱ በርሜል ጎን፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲዞር በኖረ ኮምፒውተር ነው። ታናሽ እህቱ «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ «ምስጥ» ይላታል፤ ሕፃን ሳለች የእርሳሶቹን ጫፍ ሁሉ በልታ ስለጨረሰችበት። ስሙ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት ሄዶ እዚያም ጸና። ለሰው ሁሉ ፊቱ የሚከብደው ጋሼ ለእሷ ብቻ ይለሰልስ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በርጩማ ስቦ ከጎኑ ያስቀምጣታል። አይጧ እንዴት እንደምትዘል፣ ውሃው የት ላይ እንደሚፈጥን ያስረዳታል። ኋላም ትልቁን ነገር ሰጣት። በቀጣዩ ደረጃ አይጧ ከቧንቧ ወጥታ ከተማ ትገባለች፤ ከተማውን የምትስለው ምስጥ ናት። ስሟም በጌሙ መግቢያ ላይ ከስሙ ሥር ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ ምስጥ ያየችውን ቤትና ደረጃ ሁሉ ወረቀት ላይ ትገለብጥ ጀመር፤ ጋሼም ሥዕሎቹን ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ያያቸው ነበር።

አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠንቅቋታል። የራሳችንን ማስታወቂያ እኛ አንነካም። ድረ ገጹ ሠሪው ወይም የሠሪው ሰው የነካውን ማስታወቂያ ሌብነት ነው የሚለው፤ ከደረሰበት ምሕረት የለውም። ይህን ለምስጥ ነገራት። ለእናቱ አልነገራትም። የስልኳን ድምፅ መቀነስ ለማታውቅ ሴት ይህ ምን ይረባታል አለ።

*

በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር። እሱ የ«እመቤት» ነው። ስሙን ያወጡላት ወንዶቹ ናቸው፤ መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፣ እየቆየ እውነት ሆነ። እሷ ስትስቅ ክፍሉ ይስቃል። እሷ ያኮረፈችውን ልጅ ማንም እርሳስ አያውሰውም።

በእረፍት ሰዓት ሁሉም የሚጫወተው የአይጧን ጌም ነበር። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ጋሼ ትንሽ ነገር ይዘን አንታይም፣ ይሙላና ይነገራል ብሎ አደራ ብሏት ነበር። ምስጥም ጥግ ላይ ቆማ በሆዷ ትኮራ ነበር። ቡድን ሲመደብ ተርፋ መምህሩ ወደ አንዱ ቡድን የሚጨምራት ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ በሆድ መኩራት ለምዳዋለች።

አንድ ቀን የእመቤት አይጥ ሰመጠች። የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። አይታ አስነሳቻት፤ አይጧ ገና አንድ ቧንቧ ሳትሻገር ደግማ ሰመጠች፤ ያው ሳሙና ተመልሶ መጣ። እመቤት ኪቦርዱን በጥፊ መታችው።

«ይሄን ጌም የሠራው ሰውዬ እንዴት ያለ ፋራ ነው? ሳሙና ይሸጣል እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ምስጥም ሳቀች። እየሳቀችም አፏ ቀደማትና ማስታወቂያውን ማጥፋት ይቻላል አለች።

እመቤት ዞር ብላ አየቻት። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ማስታወቂያ ማገጃ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ይጫናል፤ ማስታወቂያውን ገና ደጃፍ ላይ ሳለ ያፍነዋል። ያኔ አይጧ ስትሰምጥ በነጻ ትነሳለች። ምስጥ ይህን የሰማችው ከጋሼ ነበር፤ እሱ ስለ በሽታ እንደሚያወራ ሰው ነበር የነገራት። እሷ ጎንበስ ብላ ጫነችው። ብዙም አልፈጀባት። አይጧ ሰመጠች፣ ሳሙናው አልመጣም፣ አይጧ ተነሳች። ክፍሉ በአድናቆት ጮኸ። እመቤት ጠጋ አለችና የወንበሯን ግማሽ በእጇ መታ መታ አደረገችላት።

ምስጥ በዚያ ግማሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ክፍል ልጅ ምን ያጎድላል ብላ ነበር።

ልጆቹ ፕሮግራሙን «ጋሻ» አሉት። በነጋታው የሌላ ክፍል ልጆች ስልካቸውን ይዘው መጡ። ምስጥዬ፣ ለእኔም ጋሻ፤ ለእህቴም፤ ለአክስቴም ልጅ። ደረጃው ሥር ቆማ አንዱን ስልክ ስትመልስ ሌላው ይሰጣታል። የወሰዱት ደግሞ ለሰፈራቸው ልጆች አሳዩ፤ የሰፈራቸው ልጆች የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። ምስጥ የጀመረችውን ነገር መጨረሻ ማየት ተሳናት። እውነቱን ለመናገር ማየትም አልፈለገችም። ስሟ በየበረንዳው ይጠራ ነበር፤ እሷም በዚያ ይሞቃት ነበር።

*

አንድ ማታ ጋሼ ምግብ ቀርቦ ሳለ ኮምፒውተሩን ከጓዳ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚጫወተው ሰው ነው። አንዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚታየው ማስታወቂያ ነው። ድሮ ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት አለ። አሁን ሰው እየበዛ ፍርፋሪው ይመናመናል። ማገጃ ጭነዋል። ከሁሉም በላይ በዚሁ አካባቢ፣ በዚሁ ከተማ።

«አንድ ውሻ አስተምሯቸዋል» አለ።

ምስጥ ጉርሻዋን ማላመጥ አቆመች። ከዚያ እንዳያስነቃባት መልሳ ማላመጥ ጀመረች።

እናትየው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠየቀች። ማስታወቂያው ሲታይ ነው የሚከፍሉት ወይስ ሲነካ? ሲታይ ጥቂት፣ ሲነካ ብዙ አላት። ማንም ሰው ቢነካው? ማንም። እና ሰው ለምን አይነካውም? ጋሼ ትዕግሥቱ አለቀ። እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነገር አይደለም፣ ተይው አለ። ቀጥሎ ያን የተለመደውን ጨመረበት።

«አንቺ ከገባሽበትማ ኮምፒውተሩንም ታጥቢዋለሽ።»

እናትየው ሳህኖቹን አነሳች። በዚያ ቤት ይህ ንግግር ከመደጋገሙ የተነሳ እንደ ደኅና እደሩ ሆኖ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስጥ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ አባቷን ትልቅ የአውቶቡስ ድርጅት ሊቀጥረው ቀጠሮ ሰጥቶት ነበር። በነጋታው ዋናውን መንጃ ፈቃድ ይዞ መቅረብ አለበት። ያኔ መንጃ ፈቃድ የወረቀት ነበር። ማታውን ከኮቱ ኪስ ሲፈልገው የለም። እናትየው ኮቱን ሳላየው አጠብኩት፣ ወረቀቱ ቦክቶ ጣልኩት አለች። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አባትየው አልመታትም። ከመምታት የከፋውን መረጠ፤ ታሪኩን ለሰው ሁሉ ያወራው ጀመር። ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ዘመድ ሲጠይቅ። እያሳቀ ነበር የሚያወራው። ከዚያ ሩቅ ከተማ ሄዶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ስልክ የሚደውለው ለልጁ ነው። ገንዘብ ዘገየ ቢሉት፣ ጣሪያው አፈሰሰ ቢሉት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው። «እናትህ ምን አጠበች ደግሞ?» ልጁም ከአባቱ ተማረ። ቁልፍ ሲጠፋ፣ ካልሲ ሲጎድል፣ ቀልዱ ዝግጁ ነው።

እናትየው ግን ኮቱን አላጠበችውም። ምስጥ ነበረች። የእናቷን የጨርቅ መቀስ ወስዳ የአባቷን ፎቶ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ዙሪያውን ቆርጣ አወጣችው፤ ከካርቶን በሠራችው ቤት ውስጥ ልታስቀምጠው። አባቷ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበርና እዚያ እንዲቀመጥላት ፈልጋ ነው። እናትየው ቁርጥራጩን አገኘች፣ የልጅቷን ፊት አየች፣ የባሏን የእግር ኮቴ ሰማች፤ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ሁለቱ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ምስጥ ግን ቀልዱ በተነሳ ቁጥር የመቀሱ ቅዝቃዜ ጣቷ ላይ ይመጣባታል። እያደገች በሄደች ቁጥር እናገራለሁ ትላለች። ከዚያ የአባቷን ሳቅ ታስባለች፣ የጋሼን ፊት ታስባለች፣ ትተወዋለች። እናቷ በእሷ ፋንታ ስትዋረድ እያየች ነው ያደገችው።

በማግስቱ ጠዋት እናትየው ልጅቷን በር ላይ ያዘቻት። ያቺን አይጥ ስልኬ ላይ አድርጊልኝ፣ እጄ ሥራ ፈትቷል አለቻት። ምስጥ ደስ አላት። እናቷ ለራሷ ብላ ነገር ስትጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ጌሙን ጫነችላት፣ አይጧ በየት በኩል እንደምትዘል አሳየቻት፣ እየሮጠች ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

*

ምስጥ ሌሊቱን ቁርጥ ሐሳብ አድርጋ ነበር ያደረችው። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ፊት ቆማ ጌሙ የወንድሟ እንደሆነ ተናገረች። ቤታቸው በዚያ እንደሚኖር ተናገረች። እባካችሁ ጋሻውን አንሱት አለች።

እመቤት በወንበሯ ተደግፋ ነበር።

«ቆይ፣ ሳሙና ሻጩ ያንቺ ወንድም ነው?»

ምስጥ ራሷን ነቀነቀች።

«እና ጋሻውን የጫንሽው አንቺ አይደለሽ? የገዛ ወንድምሽን ኪስ ነው ስታወልቂ የከረምሽው?»

ከኋላ አንድ ልጅ፣ «ምስጥ አይደለች? ቤቱን ከውስጥ በላችው» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። አንዱ ጠረጴዛ መታ፣ ሌላው እንባውን ጠረገ። ምስጥ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች። ሲያልቅ መልሳ ለመነቻቸው።

እመቤት እናነሳዋለን አለች። ግን በነጻ አይሆንም፤ አይጧን ሁኚልን አለቻት። ወንዶቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ወንበሮቹን አንዱን ካንዱ እየገጠሙ ደረደሯቸው፣ ከበሩ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ። ከሥራቸው ያለው ቦታ ቧንቧ ሆነ። ምስጥ ወንበሮቹን አየች፣ ወለሉን አየች። ዝናብ ስለነበር ወለሉ የተማሪ ጫማ ያመጣው ጭቃ ነበረበት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች።

ስትገባ ከላይ በእግራቸው ይደልቁ ጀመር። ውሃ መጣብሽ ይሏታል። አንዱ የውሃ ኮዳውን ከፍቶ በወንበሮቹ መካከል አንገቷ ላይ አፈሰሰው። ክርኗ ተላጠ። መጨረሻው አጠገብ ስትደርስ ሁለት ልጆች መውጫው ላይ እግራቸውን ገትረው ዘጉባት።

«ሰመጠች» አለች እመቤት። «በይ እንግዲህ፣ ማስታወቂያውን ንገሪንና ተነሺ።»

ምስጥ ወንበር ሥር እንደተኛች የሳሙናውን ማስታወቂያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። በቃሏ ታውቀው ነበር። ድምፅሽ አይሰማም አሏት፤ ጮክ ብላ ደገመችው። እግሮቹ ተነሱላት፣ ወጣች። ያጨበጨቡላት ነበሩ።

ደወሉ ተደወለ። ወንበሮቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። ምስጥ እመቤት ጋ ሄዳ ጋሻውስ አለቻት። «አቦ አትነዝንዢን፣ ሙድ ይዘንብሽ እኮ ነው» አለች እመቤትና የወንበሯን ግማሽ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።

ማንም አላነሳውም።

ቤት ስትደርስ ለጋሼ ልትነግረው ወስና ነበር። በሩን ስትከፍት ግን እሱ ቀደማት። ስለ ክርኗ አልጠየቃትም፤ ኮምፒውተሩን እያሳያት ነበር። የታችኛው መስመር ቀና ብሏል። ትንሽ ነው፣ ግን ቀና ብሏል። ሰው ማስታወቂያውን ይነካ ጀምሯል አላት። በማግስቱም ጨመረ፤ ከዚያ በማግስቱም። ምስጥ ካጨበጨቡላት ልጆች አንዳንዶቹ አፍረው ጋሻውን በድብቅ ያነሱት መሰላት። እንዲህ ብላ ማሰቡ ክርኗን ያሽርላት ነበር። ስለዚህ አፏን ዘጋች። ጋሼ ዘፈን ማፏጨት ጀመረ። ሥዕልሽን ቶሎ ቶሎ በይ፣ ከተማውን እንጀምራለን አላት። እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስልኳ ላይ ታቀረቅር ነበር፤ አውራ ጣቷ አያርፍም። እማዬንም ሱስ ያዛት ብላ ምስጥ ሳቀች።

*

መልእክቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር።

ጋሼ ከጓዳ ወጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። ቆሞ አነበበላቸው። ማስታወቂያዎቹ በማጭበርበር ተነክተዋል። አካውንቱ ለዘለቄታው ተዘግቷል። የተጠራቀመው ገንዘብ ለማስታወቂያዎቹ ባለቤቶች ይመለሳል። ጌሙ ከድረ ገጹ ይወርዳል፤ ሠሪውም ሁለተኛ ሌላ ጌም ይዞ መምጣት አይችልም። ወዲያው ይግባኝ ጽፎ ነበር። መልሱም ወዲያው መጣ፤ ያነበበው ሰው እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ቃሉ ያው ነው።

«ከየት እንደተነካ አየሁት» አለ። «ሁሉም ከአንድ የኢንተርኔት መስመር ነው የመጣው። ከዚህ ቤት።»

እናትየው ጭኗ ላይ የነበረውን ስልክ በነጠላዋ ሸፈነችው። ሽፋኑን ያየችው ምስጥ ብቻ ናት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባት፤ በዚያ ምሽት ምግብ ላይ የጠየቀችው ጥያቄ፣ አይጧን ጫኚልኝ ማለቷ፣ ያ የማያርፍ አውራ ጣት። እናቷ መጫወት አትችልም ነበር። አይጧ እጇ ላይ እንደገባች ትሰምጣለች፤ ማስታወቂያው ይመጣል፤ እሷ ትነካዋለች። ቀኑን ሙሉ፣ ልጄን ላግዝ ብላ። ነውር እንደሆነ የነገራት ሰው የለም።

«ሁለታችሁ ናችሁ ያላችሁት» አለ ጋሼ። ወደ እናቱ ዞረ። ከንፈሩ ላይ ያ የአባቱ ፈገግታ ሊመጣ ሲጀምር ምስጥ አየችው። «እማዬ፣ ስልክሽን አምጪ እስቲ።»

እናትየው አልተንቀሳቀሰችም። እጇ በነጠላው ላይ ነበር። ጣቶቿን መርፌ ወጋግቷቸዋል። ቀና ብላ ልጇን ለማየት ሞከረች፣ አልቻለችም። ምስጥ ያንን ፊት ታውቀዋለች። እንግዶች እየሳቁ ሳለ ምግብ የምታቀርብበት ፊቷ ነው። ከዛሬ በኋላ ወረቀት አጣቢዋ ብቻ አትባልም፤ አይጧንም ያሰመጠች ትባላለች፤ በስልክ ይነገራል፣ በሩቅ ከተማ ይሳቅበታል፣ እስክትሞት ይወራል።

ምስጥ በተከፈተው የጓዳ በር ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎቿን አየች። የደረጃዎቹን ሥዕል፣ ገና ያልጨረሰችውን ድልድይ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ጋሼ ዞረ።

«በእማዬ ስልክ ነው የነካሁት። እሷ ስታንቀላፋ እየወሰድኩ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ» አለ ጋሼ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ለአንቺ ነግሬሻለሁ። እያወቅሽ ለምን ታደርጊዋለሽ?»

ውሸቱ ብቻውን አይቆምም ነበር። ስለዚህ ምስጥ እውነቱን ደገፍ አደረገችለት። ማገጃውን በትምህርት ቤት የጫነችው እሷ እንደሆነች ነገረችው። መጀመሪያ ለእመቤት፣ ከዚያ ለሁሉም፣ ደረጃው ሥር ቆማ፣ ስልክ እየተቀበለች። ያ ውሻ ያልከው እኔ ነኝ አለችው። የጎደለውን ልሞላ ብዬ ነው የነካሁት፤ የማይደርሱበት መስሎኝ። ስለ ወንበሮቹና ስለ ቧንቧው አልነገረችውም።

ጋሼ ሰማት፤ አንዴም አላቋረጣትም። ሲያምናት ታየ። ምንም አልተጠራጠረም፤ ምስጥን ከሁሉ በላይ ያመማት ያ ነበር። በቀላሉ ነበር ያመናት።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ እንዳይቀደዱ እየተጠነቀቀ ሰበሰባቸው። አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ውሰጂ። ከተማ የለም።» በርጩማዋንም በእግሩ ገፍቶ ከጓዳው አወጣው። «ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ክፍል እንዳትገቢ። ጋሼ እንዳትይኝ ደግሞ።»

በሩ ተዘጋ።

ምስጥ ሥዕሎቹን ይዛ ከእናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናትየው አላቀፈቻትም። አላመሰገነቻትምም። ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፣ ክርኗ ላይ ያለውን ቁስል አየች፣ ከዚያ የተዘጋውን በር። ከበሩ ወዲያ ጋሼ ስልክ ሲደውል ተሰማ። ለአባቱ ነበር። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ያልፋል። ሁሉም ነገር እንደተበላሸ፣ ኪራዩ እንደማይከፈል፣ ቤቱን እንደሚለቁ ይነግረው ጀመር።

እናትየው ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ከትከሻዋ ያስታውቅ ነበር።

ምስጥ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«ተቀመጪ፣ እማዬ» አለች በሹክሹክታ። «ተራዬ ነው።»

እናትየው ወደ ታች አየቻት። ቀሚሷን የያዘውን እጅ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

አባትየው በስልኩ ምን እንደጠየቀ አልተሰማም። መጠየቁም አያስፈልግም ነበር፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነው። የጋሼ መልስ ግን ጥርት ብሎ መጣ።

«አይደለም አባዬ። እማዬ አይደለችም።»

ስልኩ ማዶ ያለው አባቱ አላመነ እንደሆነ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«እማዬ የለችበትም አልኩ።»